ማዲያትን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል? ፊታችሁን ሳትጎዱ

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 5ኛ ወሬ ላይ ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ ሁለቱም ጉንጬ ላይ ቡኒ ነገር ወጣ፣ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ደግሞ ጢም ያበቀልኩ ነው የሚያስመስለኝ። ቆሻሻ መስሎኝ በፎጣ ፈተግኩት። ከዛ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ ብዙም ከስሬያለሁ፣ እናንተ እንዳትከስሩ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ማዲያት ቆሻሻ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚያመርቱ ሴሎች አሉ፣ እነሱ ናቸው ከልክ በላይ የሚሰሩት። የሚቀሰቅሳቸው በዋናነት ፀሀይ ነው፣ ከዛ ሆርሞን (እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ) እና ዘር። ጠይም የሆነ ሰው ላይ ይበዛል፣ ወንዶችም ላይ ይወጣል ግን ሴቶች ላይ በጣም ይብሳል።

1. መጀመሪያ ማዲያት መሆኑን አረጋግጡ

ማዲያት ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ነው የሚወጣው፣ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከከንፈር በላይ። አያሳክክም፣ አያምም፣ እጃችሁን ስታሳርፉበት እብጠት የለውም። ብጉር የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ የቀረ ነጠብጣብ ከሆነ እሱ የብጉር ጠባሳ ነው። አንገትና ብብት ላይ ጠቁሮ ወፈር ያለና ሲነኩት እንደ ከፈይ የሚል ከሆነ ደግሞ ስኳር ተመርመሩ፣ ከኢንሱሊን ጋር የሚያያዝ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ ነጥብ ብቻውን መልኩን እየቀየረ የሚያድግ ወይ የሚደማ ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሀኪም ጋ ሂዱ።

2. አሁን የምትቀቡትን ነገር ተመልከቱ

እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅኩት። ከወለድኩ በኋላ ጎረቤቴ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ወሰደችኝ፣ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቢጫ ክሬም ሰጡኝ፣ ራሳቸው የቀላቀሉት ነው። በሳምንት ፊቴ እንደ መስታወት አበራ፣ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ ይለኝ ጀመር፣ በ2ኛው ወር ግን ቀይ ሆነ፣ ደም ስሬ ይታያል፣ ፀሀይ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ ስተወው ደግሞ ብጉር ወረረኝና ማዲያቱ ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ሀኪሟ እንዳየችኝ ነው ስቴሮይድ (ሀኪም ለቆዳ በሽታ የሚያዘው ጠንካራ መድሃኒት) ተቀብተሻል ያለችኝ። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ አንዳንድ የሚያቀላ ክሬምና ሳሙና ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ አለ፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበትን ነገር ፊታችሁ ላይ አታድርጉ፣ በቃ። ለወራት ስትቀቡት ከቆያችሁ ግን እንዴት እንደምታቋርጡትም ሀኪም ይንገራችሁ፣ ምክንያቱም እንደኔ ባንዴ ስትተዉት ነው የሚብሰው። ሎሚም ተዉት እባካችሁ፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሀይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ደግሞ ይጠቁራል።

3. ፀሀይን መከላከል

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ያለዚህ አይሰራም፣ የፈለገ ውድ ክሬም ብትገዙ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሀዩ ቀላል ነው ማለት አይደለም፣ ክረምትም ቢሆን ደመናውን አልፎ ይመጣል። በመስታወትም ያልፋል፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ የምትቀመጡ ወይ መኪና የምትነዱ ይሄን ያዙልኝ።

ሳንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ክሬም) ስትገዙ ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር (የመከላከል አቅሙ ነው) 30 ወይም 50 ይሁን፣ ከቻላችሁ ደግሞ ቀለም ያለውን (ቲንትድ የሚሉትን) ምረጡ፣ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ስለሚከላከል ለማዲያት ከነጩ ይሻላል። መጠኑ ላይ ነው ሁላችንም የምንሰስተው፦ ከሌባ ጣትና ከመሀል ጣታችሁ ጫፍ እስከ ስራቸው ሁለት መስመር አውጡና ያን ሁሉ ፊትና አንገት ላይ ጨርሱት። ውጪ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙ። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ጨምሩበት፣ ስስ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ሙቀትም ስለሚያባብስ እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ላይ ፊታችሁን አትድፉ።

4. ህክምናው

ሀኪም የሚያዘው እንደ ሰዉ ይለያያል። አዜላይክ አሲድ የሚባል የሚቀባ መድሃኒት አለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው። ሃይድሮኪኖን 4 በመቶ የሚባለው የሚያቀላ ክሬም ማታ ማታ ይቀባል፣ ግን ለተወሰኑ ወራት ብቻ በክትትል፣ ለዓመታት የተቀባ ሰው ቆዳው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከማዲያቱ በላይ አስቸጋሪ ነው። ትሬቲኖይን የሚባለውን ክሬም እርጉዝ ሴት አትቀባም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ባትቸኩሉ ይሻላል፣ ብዙዎቹ ላይ ከወለዱ በኋላ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል፣ እስከዛ ሳንስክሪኑን ያዙ። የወሊድ መከላከያ እንክብል ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ የመጣው በራሳችሁ ጊዜ አታቋርጡ፣ ሆርሞን የሌለው ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ) አለ፣ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አካባቢ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ህክምና አላቸው።

5. ፎቶ አንሱ

በየቀኑ መስታወት ላይ ማፍጠጥ ያሳብዳል፣ ለውጡ በቀን አይታይም። እኔ በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ያው መስኮት ጋ፣ ያለ ሜካፕ አነሳለሁ። 1ኛው ወር ላይ ምንም የለም ብዬ አልቅሻለሁ፣ 3ኛው ላይ ግን ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳደርግ የከንፈሬ ላይኛው ጥላ ግማሹ ሄዷል። ጉንጬ ላይ ያለው አሁንም አለ፣ ባለፈው ሰርግ ላይ ሳንስክሪን ሳልደግም ሙሉ ቀን ድንኳን ደጃፍ ዋልኩና ትንሽ ተመልሶብኛል፣ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ትርፍ ይዤ ነው የምንቀሳቀሰው።