ሐረር እየሠሩ ገጠር መኖር እንዴት ይቻላል?

ገጠር ለመግባት የሚያስቡ የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ኪራይ ነው። «ስንት ትከፍላለህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ከሥራ የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ከአወዳይ አለፍ ብላ፣ ከአስፋልቱ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ገባ ባለች መንደር መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ኑሮውን የሚያስወድደውም የሚያስመርረውም የማታው መንገድ ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ከተማ ስለሚሄድ መኪና አይጠፋም። መመለሻው ነው ጉዱ።

ቤቱን ሳታዩ መንገዱን ሞክሩ

ገና ኪራይ ሳትከፍሉ፣ ለአንድ ሳምንት ከሥራ እንደወጣችሁ ወደዚያ መንደር ተሳፈሩ። አንድ ቀን ብቻ ሞክራችሁ እንዳትወስኑ። የገበያ ቀንና ሌላው ቀን አይገናኙም፤ ዓርብም ከሰኞ ይለያል። የመናኸሪያውን ወረፋ፣ መኪናው እስኪሞላ የጠበቃችሁትን፣ ከአስፋልት እስከ በሩ የተራመዳችሁትን ሁሉ ደምሩ።

የሐረርና የድሬዳዋ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አወዳይ፣ ሐረማያ፣ አዴሌና ደንገጎ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ መኪና ሞልቷል ትሉ ይሆናል። አዎ አለ። ግን ማታ ላይ ረዳቱ «ድሬ ብቻ!» ይላል። ግማሽ መንገድ ላይ የሚወርድ ሰው ወንበሩን ባዶ ስለሚያስኬድበት አይጭናችሁም። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ወር መንገድ ዳር ቆሜ ስናደድ ጨረስኩት። አሁን የአወዳይ መኪና እይዝና እዚያ እቀይራለሁ። አወዳይ የጫት ገበያ ነው። ሌላው ሰፈር ጭር ሲል እዚያ ገና መብራቱ፣ ጩኸቱና መኪናው አለ።

ሌላው ጨለማው ነው። እኛ አገር ፀሐይ ከአዲስ አበባ ቀድማ ትጠልቃለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ከሥራ የምትወጡት 11:30 ከሆነ የመጨረሻዋን መንገድ በጨለማ ነው የምትሄዷት። ስለዚህ በሐምሌ ያያችሁትን ብርሃን አምናችሁ አትዋዋሉ። ጅብ ደግሞ በሐረር ዙሪያ ተረት አይደለም፤ ሲመሽ ይወጣል። ሥጋ ይዛችሁ በጨለማ አትሂዱ፤ ሥጋ ቅዳሜ በቀን ይገዛል። ጥሩ ባትሪ ይኑራችሁ። ብቻችሁን ከመሄድ አስፋልቱ ላይ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ጎረቤት ጠብቁ።

ሂሳቡን በወር አስሉ። ለምሳሌ ሁለቱ መኪና በአንድ ጉዞ 40 ብር ቢያስወጣ በቀን 80፣ በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ይሆናል። ከተማ ከምትከፍሉት ኪራይ የሚተርፈው ከዚህ ካልበለጠ ለገንዘብ ብላችሁ አትግቡ። ለአየሩ፣ ለጸጥታውና ለልጆቹ መሮጫ ብላችሁ ከሆነ ግን እሱ ሌላ ነው።

ሥራችሁ ድሬዳዋ ከሆነ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። ወደ ደንገጎ ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፤ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ለዚህ ብለው ከላይ የሚኖሩ አሉ። አቀበቱ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ይይዘዋል። ከታች በከተማው ዳርቻ መንደር የምትፈልጉ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ዳር ያለ ቤት አትከራዩ። እዚያ ሰማዩ ጠርቶም ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አከራዩ «እዚህ ደርሶ አያውቅም» ቢላችሁ እንኳ አንድ ሽማግሌ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ተከራዩ እንጂ የእርሻ መሬት አትግዙ

መንደሩን ከወደዳችሁት በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሰው «መሬት አለ፣ በርካሽ ላስጨርስልህ» ማለቱ አይቀርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመንደር ውል የተገዛ የእርሻ መሬት ላይ የተሠራ ቤት የጨረቃ ቤት ነው። ሲፈርስ ካሣ የለውም፤ የሸጠላችሁም ገበሬ መሬቱን ያጣል። ይህን የምለው ሁለቱም ወገን ሲያለቅሱ ስላየሁ ነው። ቤት ተከራዩ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ ከቀድሞ ቀበሌያችሁ መሸኛ አውጥታችሁ በአዲሱ ቀበሌ ተመዝገቡ።

ውኃውን በበጋ እዩ

የሐረማያን ሐይቅ ያስታወሰ ሰው ውኃን ቀላል አያደርግም። ለሐረር ከተማ ውኃ ሲሰጥ የኖረ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ደርቆ ነበር። ስለዚህ ጥር ወይም የካቲት ላይ ሂዱና ቦኖው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቁ። ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ቆርቆሮውን ቁጠሩ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣል፤ ይህ ማለት 20 ጀሪካን ነው። ጥቂቱ ቢፈስም ብዙው ይያዛል። አሸንዳ አሠሩ፣ ሮቶ ከሥሩ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ለቀቅ አድርጉት። ሮቶው ክዳን ይኑረው፤ ክፍት ውኃ የወባና የዴንጊ ትንኝ መራቢያ ነው። ለመጠጥ አፍሉት ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት።

ለመብራት የፀሐይ አምፖልና ፓወር ባንክ በቂ ነው። ለክረምት ቦቲ ጫማ ግዙና የከተማውን ጫማ በፌስታል ይዛችሁ ውጡ።

ጎረቤት

ይህን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት እንጂ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መንደሩ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። «አካም ቡልተኒ» ብላችሁ ጠዋት ሰላምታ ካልሰጣችሁ ዓመት ሙሉ እንግዳ ናችሁ። ሆጃ ሲቀርብላችሁ «ቸኩያለሁ» አትበሉ፤ ተቀመጡና ጠጡ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ አፎሻ፣ ማለትም እንደ ዕድር ያለ መረዳጃ ግቡ። ለሠርግም ለሐዘንም የሚያገናኘው እሱ ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፤ መቅረቱ ግን ይታያል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ስለምትውሉ መንደሩ የሚያያችሁ በእነዚህ ሰዓቶች ብቻ ነው።

በገባሁ በአራተኛው ወር ዝናብ ይዞኝ አስፋልቱ ላይ የደረስኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር። ባትሪዬም አልቋል። ከታች አንድ መብራት ሲመጣ አየሁ። ከበላያችን የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው፤ እነ ባለቤቴ ሳይጠይቋቸው፣ ቀርቼ ነው ብለው ዱላና ባትሪ ይዘው ወርደዋል። «ስልክህን ስጠኝ» አሉኝ፤ ቁጥራቸውን አስመዘገቡኝ። ከዚያ ወዲህ ካመሸሁ ሐረር ሳልለቅ እደውልላቸዋለሁ። እናንተም የኪራዩን ውል በፈረማችሁ ሳምንት እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ያዙ።