ከጎንደር ተነስቶ ማሳይ ማራ፦ ሳፋሪ ስታቅዱ የማትሠሯቸው ስህተቶች

ጎንደሬ ስለ ሳፋሪ ሲያወራ ትንሽ ያስቃል። ጭላዳና ዋሊያ ለማየት ደባርቅ መድረስ ይበቃናል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንበሳ፣ ዝሆንና ቀጭኔን በአንድ ሜዳ ላይ ማየት ያማረው ሰው ግን ዓይኑ ኬንያ፣ ማሳይ ማራ የተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ላይ ያርፋል። እኔም አምሮኝ ሄድኩ፣ ተሳሳትኩም። ብዙው ስህተት የሚመጣው በአገር ቤት ልማድ ከማቀድ ነው።

ትልቁ ስህተት «ክረምት ነው፣ አይሄድም» ማለት ነው። እኛ ጉዞ የምናስበው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥምቀት ሳያልፍ ከጎንደር ንቅንቅ የሚል የለም። ችግሩ፣ ያን ጊዜ ዊልደቢስቱ (በትልቅ መንጋ የሚሰደደው ባለ ቀንድ ሣር በል እንስሳ) ማራ የለም። በጥርና በየካቲት መንጋው ታንዛኒያ ነው፤ በደቡባዊው ሴሬንጌቲ አጭር ሣር ላይ ይወልዳል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው መንጋ ዝናብና ሣር እየተከተለ ወደ ሰሜን ወጥቶ ማራ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ ነው። እስከ ጥቅምት ይቆያል። እኛ ጃንጥላ ይዘን ፒያሳ ላይ ጭቃ ስንዘል ማለት ነው። እዚያ ግን ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ልጆችም ያኔ ትምህርት ተዘግቶላቸዋል።

ወንዝ ሲሻገር የማየቱን ነገር ግን ማንም ቀን ቆርጦ ሊሸጥላችሁ አይችልም። መንጋው ማራ ወንዝ ዳር ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ዞሮ ይሄዳል። አዞውም እናንተም ጠብቃችሁ ትቀራላችሁ።

ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። እኔ መስከረም 5 ብዬ ያሰብኩት ማረጋገጫው ሲመጣ ነሐሴ 30 ሆኖ አገኘሁት። «ሴፕቴምበር» መስከረም መስሎኝ ነው! ሰዓቱ እንኳ ዘመድ ነው። በስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ «ስድስት» ካላችሁ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው።

«አንድ ሌሊት ይበቃናል» የሚሉም አሉ። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፤ አንድ ቀን ሄደ። ከናይሮቢ በናሮክ በኩል ደግሞ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት አለ። ከሦስት ሌሊት ባታሳንሱ ጥሩ ነው። ጎረቤት ነን ብላችሁ የኬንያዊ ዋጋም አትጠብቁ። ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ለውጭ አገር አዋቂ መግቢያው ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር፣ በቀሩት ወራት 100 ዶላር ነው። ያውም ለ12 ሰዓት ብቻ። ርካሽ ፓኬጅ ሲያሳዩአችሁ መጀመሪያ «መግቢያው አለበት ወይ?» በሉ።

ቢጫ ወባን ከወባ ጋር ማምታታት ሌላው ነው። ስማቸው ያሳስታል። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምንመደብ ኬንያ ስትገቡ የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ተከተቡ። ይህ ክትባት መተማ የምናውቃትን ወባ አይከላከልም። ማራ ውስጥ ወባ አለ፤ ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቁ።

ልብስ ላይ «አፍሪካ በረሃ ነው» ብሎ ቲሸርት ብቻ መያዝ አለ። ማራ ሜዳ ይምሰል እንጂ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ጣሪያው በተከፈተ መኪና ንጋት ላይ ስትወጡ ጋቢ ይናፍቃችኋል። ያዙት፣ አታፍሩ። ቆሎውን ግን በፌስታል አትቋጥሩ። ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ የሚውለው መንጋው ማራ በሚሆንበት ወቅት ነው። ሎጁን «ሥጋ አልበላም» ካላችሁት እንቁላልና አይብ ያቀርባል። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ እንደማትበሉ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩ።

የመጨረሻው የሰሜን ተራራ ልማድ ነው። እኛ ከጭላዳ አጠገብ ተቀምጠን ፎቶ መነሳት ለምደናል። ማራ ውስጥ ከመኪና አይወረድም። ወርዶ ሽንት መሽናትም ቢሆን ሹፌሩ «እዚህ ይቻላል» ሲል ብቻ ነው። ሹፌሩን ደግሞ «ቅረብ፣ ቅረብ» አትበሉት። አቦሸማኔ የሚያድነው በአብዛኛው በቀን ነው፤ መኪና ሲከበው አደኑ ይበላሻል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ማራ ላይ ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ያሉ እናቶች የሚያሳድጓቸው ግልገሎች በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። ራቅ ብሎ ቆሞ ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቅ ሹፌር ካገኛችሁ ስልኩን ተቀበሉት። ለእኔም ላኩልኝ።