ኤቲኤሙ ካርዱን አልቀበል ሲል፦ ቺፑ ነው ወይስ ማግኔቱ?

ብዙ ኤቲኤሞች ካርዱን ስበው ከማስገባታቸው በፊት ከኋላ ያለውን ጥቁር ማግኔት ይፈትሻሉ። ስለዚህ ካርዱ ፖስ ማሽን (ሱቅ ውስጥ በካርድ የሚከፈልበት) ላይ በቺፑ እየሠራ ኤቲኤሙ ግን ጭራሽ አልስብ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማግኔቱ ነው። ጠርጋችሁት ካልተሻለው ካርዱን አስቀይሩ፤ የጠፋ መረጃ በመጥረግ አይመለስም።

ኤቲኤሙ ውጦ መልሶ ከተፋው ወይም ፖሱ ቺፑን ማንበብ ካቃተው ደግሞ የቺፑን ወርቃማ ገጽ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። የእጅ ቅባት ከያዘው ጨርቁን በአልኮል ትንሽ አርጥቡና ሲደርቅ ሞክሩት። በምላጭ መፋቅ ግን አይሞከርም፤ ሽፋኑ ስስ ነው።

ካሸሩ «ስዋይፕ ላድርገው» (ማግኔቱን ፖሱ ላይ ላንሸራትተው) ቢል ፖሱ «ቺፑን አስገባ» ይለው ይሆናል። ይሄ ብልሽት አይደለም፦ ማግኔቱ ላይ ባለ 3 አሃዝ የአገልግሎት ኮድ አለ፣ በ2 ወይም በ6 ከጀመረ ካርዱ ቺፕ አለው ማለት ነው። ደግሞም ቺፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ያመነጫል፤ የማግኔቱ መረጃ ሁሌም ያው ስለሆነ ለሌባ ይመቻል።

ማግኔት ያለው የስልክ ቦርሳ ጥቁሩን መስመር ሊያጠፋው ይችላል። ቺፑን የሚጎዳው መታጠፍ ነው፤ የኋላ ኪስ ውስጥ አትቀመጡበት።