የታወቁ ሙዚቀኞችን ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአልበም ሽፋን፣ ለኮንሰርት ፖስተር ወይም ለክብር ምሽት የአንድ ታዋቂ ሙዚቀኛ ፎቶ ሲነሳ አብዛኛው ጥንቃቄ ፊቱ ላይ ያልቃል። ፊቱንማ ሕዝቡ ያውቀዋል። ፎቶው ለዓመታት የሚታወሰው የሰውየው ሥራ በውስጡ ሲታይ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

መሣሪያውን ጌጥ ማድረግ

በብዛት የሚታየውም በጣም የሚያስቆጨውም ይህ ነው። ባለ ክራሩ ክራሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ካሜራ ካሜራውን እያየ ፈገግ ይላል። ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ዝም ብለው ተጋድመዋል፣ ትከሻው ተወጥሯል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እየተጫወተ እንዳልሆነ ወዲያው ይለየዋል። «ጋሼ፣ እስኪ ትንሽ ትዝታ ይጫወቱልኝ» ብለው ከልብ ያጫውቷቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ካሜራውን ሳያነሱ ያዳምጡ። እጃቸው የት እንደሚመላለስ፣ አንገታቸውን መቼ እንደሚያዘነብሉ፣ የትኛው ስንኝ ላይ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ ልብ ይበሉ። ዜማ ይደጋገማል፤ ያ ቦታ ተመልሶ ሲመጣ ያንሱ።

እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጣጣ አለው። ማሲንቆ ያለው አንድ የጭራ አውታር ብቻ ስለሆነ መብራቱ ከፊት ለፊት ሲመታው አውታሩ ከእይታ ይጠፋል። መብራቱን ወደ ጎን ወስደው ዝቅ ቢያደርጉት ግን አውታሩም፣ ሳጥኑ ላይ የተወጠረው ቆዳ ሸካራነትም፣ ከደጋኑ ተበጥሶ የተንጠለጠለው ጭራም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በገና ረጅም ነውና ካሜራውን በቁመት ይዘው ያንሱት። መጀመሪያ 10ሩም አውታሮች የሚታዩበትን ሰፊ ፎቶ ይውሰዱ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው ጣቶቹንና እንዚራውን፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠውን ቁራጭ ቆዳ፣ ለብቻው ያንሱ። እንደ ሙላቱ አስታጥቄ ያለ የቫይብራፎን (የተደረደሩ ብረቶችን በመምቻ እየመቱ የሚጫወቱት መሣሪያ) ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ችግሩ ብረቶቹ እንደ መስታወት ማንጸባረቃቸው ነው። መብራቱ ብረቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ከታየ መብራቱን ሳይሆን በመጀመሪያ ካሜራውን ወደ ጎን ትንሽ ያንቀሳቅሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ፎቶ አንሺው አርኖልድ ኒውማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የሙዚቃ አቀናባሪውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ሲያነሳ ሰውየውን ግራ ታች ጥግ ላይ አስቀምጦ የቀረውን ቦታ ለተከፈተው የፒያኖ ክዳን ለቀቀው። ሌላው ፎቶ አንሺ ዩሱፍ ካርሽ በ1954 የቼሎ ተጫዋቹን ፓብሎ ካሳልስን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ፕራድ አጠገብ ባለ አሮጌ ገዳም፣ ቼሎ ሲጫወት ያነሳው ከጀርባው ነው፤ ፊቱ ጨርሶ አይታይም። ሁለቱም ፎቶዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። እርስዎም ፊቱ በደንብ የሚታይበትን ፎቶ አስቀድመው ከያዙ በኋላ እንዲህ ያለውን ድፍረት ቢሞክሩ አይጎዱም።

ነጠላውን አትርፎ ፊቱን ማጥፋት

ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ድምፃዊቷ በነጭ የሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ፎቶውን ስትሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ይጠቁራል። ጥቁር መጋረጃ ፊት ስትቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና መልኳ ከትክክለኛው በላይ ይነጣል፣ ጠይምነቷ ይጠፋል።

ስለዚህ ካሜራውን ማኑዋል ላይ (ብርሃኑን ራስዎ የሚወስኑበት) ያድርጉ፣ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ። ብርሃኑን የሚለኩት በስፖት ሚተር (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው የካሜራው መለኪያ)፣ መብራት ባረፈበት ጉንጭ ላይ ይሁን። ጠይም ፊት ላይ ሲለካ ካሜራው ማንጣቱ ስለማይቀር ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ (1 ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። ከዚያ የካሜራውን የብርሃን ማስጠንቀቂያ ያብሩ። ነጠላው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቦታ ካለ የሽመናው ክር እዚያ ጠፍቷል ማለት ነው። ይሄኔ ጠቅላላ ብርሃኑን መቀነስ ፊቱን መልሶ ያጨልመዋል። ይልቅ ሶፍትቦክሱን (መብራቱን የሚያለሰልሰውን ነጭ ጨርቅ ያለው ሳጥን) ወደ ላይና ወደ ካሜራው አቅጣጫ ጥቂት ያዙሩት፤ የብርሃኑ ጠርዝ ልብሱን ሲነካ መሃሉ ፊቱ ላይ ያርፋል።

የሶፍትቦክሱ ስፋት 120 ሴንቲሜትር ከሆነ ርቀቱም እዚያው አካባቢ ቢሆን ብርሃኑ ይለሰልሳል። ሲርቅ ጥላው ይጠነክራል፣ ግንባር ላይ ያለው ወዝም ያብረቀርቃል። ወዙን በሶፍት ተጫን ተጫን አድርጎ ማድረቅ በቂ ነው። ከቆዳው ቀለም ጋር የማይሄድ ፓውደር በፍላሽ ሲመታ አመድ ይመስላል።

በጣም መቅረብ፣ በጣም መክፈት

የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ነው። በግማሽ ሜትር ርቀት ሲያነሱበት አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። 2 ወይም 3 እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ይጠቀሙና 2 ሜትር ገደማ ይራቁ።

ፉልፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ያላቸው ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 1.8 ላይ መክፈት ይወዳሉ፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከ1.5 ሜትር ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዓይኑ ጠርቶ የተጫዋቹ እጅ ጭጋግ ይሆናል። ከ2.5 ሜትር በኤፍ 8 ግን ጥልቀቱ ወደ 40 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ ፊቱንም እጁንም መሣሪያውንም ይይዝልዎታል።

እንግዳው ከመጣ በኋላ መብራት ማስተካከል

ታዋቂ ሰው ጊዜ የለውም። ቁመቱም መልኩም የሚቀራረብ ሰው አስቀምጠው መብራቱን አስቀድመው ይጨርሱ፣ ወንበሩና የካሜራው እግር የሚያርፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ።

መድረክ ላይ ማይክ የዋጠው አፍ

ከፊት ለፊት ሲነሳ ማይኩ አፍንና አገጭን ይሸፍናል። ወደ 45 ዲግሪ ጎን ይሂዱና ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ማይኩን ከአፉ የሚያርቅባትን ቅጽበት ይጠብቁ። ለዘፈን የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ይበቃል፤ ለእስክስታ ትከሻ ግን ከ1/500 አይውረዱ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 3200 ቢደርስም አይስጉ፤ ፎቶው ላይ ትንሽ ሸካራነት ቢታይ ፊቱ ከሚፈዝ ይሻላል።

ቀይና ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራት ፊት ላይ ዝርዝር አያስቀርም። ነጩ ወይም ብርቱካናማው እስኪመጣ ይታገሱ። ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ከታዩ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሻተር አጥፍተው ወደ ሜካኒካሉ ይመለሱ።

ሽበትና ሽብሽባትን መሰረዝ፣ ፎቶውን መገልበጥ

ብጉር ወይም የምላጭ ጭረት ይጥፋ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሱ የሚጠፋ ነው። የአንጋፋን ድምፃዊ የግንባር መስመር መደምሰስ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን መካድ ነው፤ አድናቂዎቹም ሌላ ሰው ያዩ ይመስላቸዋል።

ለፖስተር ጽሑፍ ቦታ እንዲገኝ ፎቶውን እንደ መስታወት መገልበጥም የተለመደ ነው። በቀኝ እጁ ደጋን የሚይዘው ባለ ማሲንቆ ግራኝ ሆኖ ይወጣል። ሳክስፎን ላይ ግራ እጅ ምንጊዜም ከላይ ስለሆነ የተገለበጠውን ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቦታ ካስፈለገ ሲያነሱ በሁለቱም በኩል ሰፋ አድርገው ያንሱ።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ

30 በ40 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም ወደ 3,540 በ4,720 ፒክሰል ያስፈልጋል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ስለሚያሳንሰው ማተሚያ ቤት የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። እንደ ፋይል ይላኩ፤ የፋይሉ ስም ላይም የሙዚቀኛውን ስም እሱ ራሱ በሚጽፍበት ፊደል፣ መሣሪያውን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ። ዋናውን ሮው ፋይል በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ያስቀምጡ፣ አንዱን ከስቱዲዮው ውጭ።