የድሮ ካርታ ይዞ ወሎ ውስጥ የመንገድና የጣቢያ ፍርስራሽ ፍለጋ፦ ችግርና መፍትሄ

በቅድሚያ አንድ ነገር ይለይ። ወሎ ውስጥ የተተወ የድሮ ባቡር ጣቢያ የለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር ከወሎ በስተደቡብ፣ በአዋሽ በኩል ነው የሚያልፈው። እዚህ የሚፈለገው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአስመራ በአላማጣ፣ በወልዲያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የተሠራው መንገድ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው ቅርንጫፉ ጥለውት የሄዱት ነው፦ የመንገድ ጠባቂ ቤት፣ ድልድይ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የተተወ ኩርባ። ዘዴው ለባቡር ጣቢያም ያው ነው።

«በሳተላይት ምስል ላይ ሐዲድና ዋሻ አየሁ»

አዲሱ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሃራ ገበያ የሚሄደው መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ግን 1000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሜትር ይዞ የሄደ ሰው አይሳሳትም።

«ካርታው ያሳየኝ ነጥብ ላይ ቆሜያለሁ፣ ባዶ ማሳ ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ይሄ ነው። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ) ነው፤ ስልካችሁ የሚያነበው ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው። የካርታውን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚያመለክተውን) እንዳለ ስልክ ውስጥ ካስገባችሁት፣ ደሴ አካባቢ ከትክክለኛው ቦታ ወደ 95 ሜትር በስተምዕራብ፣ ከ200 ሜትር ጥቂት ያለፈ ደግሞ በስተደቡብ ትቆማላችሁ። ሜዳ ላይ ቢሆን ዞር ዞር ብሎ ማግኘት ይቻላል። በወሎ ገደል ላይ ግን ያ ርቀት ከሸለቆው ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ማዶ ለመሻገር ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

መፍትሄው፦ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ካርታውን ስትከፍቱ መጋጠሚያ ሥርዓቱን አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (የኮድ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 20137) በሉት፤ ከዚያ ወደ ደብልዩጂኤስ 84 (32637) ቀይሩት። ኮምፒውተር ከሌለ በሜትር በተጻፈው ቁጥር ላይ 95 ወደ ምሥራቅ፣ 205 ወደ ሰሜን ደምሩ። በዲግሪና በደቂቃ ከሆነ የምትሠሩት ሰሜኑም ወደ 95 ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚህ ሁለቱን አታደባልቁ።

«ደሴ በካርታው ላይ 27 ዲግሪ ላይ ተቀምጣለች»

ካርታው አልተሳሳተም፣ መቁጠር የጀመረው ከሌላ ቦታ ነው። ደሴ ከግሪኒች ሲቆጠር ወደ 39°38′ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት። 37°18′ አካባቢ ካነበባችሁ መነሻው ፓሪስ ነው፣ 2°20′ ደምሩ። 27°11′ ከሆነ ሮማ ነው፣ 12°27′ ደምሩ።

«የቦታው ስም የለም»

አለ፣ በጣሊያንኛ ተጽፎ ነው። ጣሊያን የእኛን «ወ» በ«ኡ» ፊደል ይጽፋል፣ «ሀ»ን አያነብም፤ «ሲ» እና «ኤች» ሲገጣጠሙ በእንግሊዝኛ «ች» የሚሆኑት በጣሊያንኛ «ክ» ናቸው። ወልዲያ «ኡኦልዲያ»፣ ውጫሌ «ኡቺያሊ»፣ ኮምቦልቻ «ኮምቦልቺያ» ሆነው ይገኛሉ። ስሙን በእንግሊዝኛ አንደበት ከማንበብ ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ማንበቡ ይሻላል፤ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይለየዋል። የመንደርና የገበያ ስም ይዛወራል፤ ገበያው ሲነሳ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከመንደሩ ይልቅ የደብሩንና የወንዙን ስም ያዙ።

«ካርታው በአንድ በኩል ይገጥማል፣ በሌላ በኩል ይንሸራተታል»

ወረቀቱ ታጥፏል፣ ወይም በስልክ ከጎን ተነስቷል። በ300 ነጥብ በኢንች ስካን የተደረገ 1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ፒክስል መሬት ላይ ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ከዚያ በላይ ጥራት አያስፈልግም። ለደህና ስካን ከ6 እስከ 8 ማያያዣ ነጥብ (በካርታውም በሳተላይት ምስሉም ላይ የሚታይ ያው ቦታ) ይበቃል። በስልክ ለተነሳ የተጨማደደ ካርታ 15 ያህል ነጥብ በመላው ወረቀት ላይ በትኑና ኪውጂአይኤስ ላይ «ቲን ፕሌት ስፕላይን» የሚለውን፣ ወረቀቱን በየነጥቡ ለይቶ የሚያቀናውን ስልት ምረጡ። ነጥብ የሚሆኑት ደብር፣ የተራራ ጫፍ፣ በዓለት መሃል ያለ የወንዝ መገናኛ ናቸው። የቆቦ ሜዳ ወንዞችን አትመኑ፤ በአሸዋ ላይ ስለሚሄዱ ቦይ ይለዋውጣሉ። የመንገድ መገንጠያም እንዲሁ፤ የምትፈልጉት መንገድ ራሱ የተዛወረ ነውና። ከዚያ በኋላም ቢሆን በወረቀት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ጠብቁ፦ በ1:50,000 ላይ 25 ሜትር፣ በ1:100,000 ላይ 50 ሜትር ነው። የፍለጋ ክባችሁም ቢያንስ ያን ያህል ይሁን።

«የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ከመኪናው ጋር አይስማማም»

ኩርባዎቹ ተቆርጠው መንገዱ አጥሯል። የዛሬውን አስፋልት ሳይሆን አሮጌውን መስመር ኮምፒውተር ላይ ተከትላችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚጀምር ካላወቃችሁ ከአንድ ከተገኘ ድንጋይ ተነስታችሁ ልዩነቱን ብቻ ቁጠሩ። ድንጋዩ ወይም ድልድዩ ላይ የሮማ ቁጥር ካለ የፋሽስቱ ዓመት ነው። 1914 ደምሩበት፦ 16 ከሆነ ከ1930 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለው ዓመት ማለት ነው።

«የመንገድ አልጋ መስሎኝ እርከን ሆነ»

ወሎ ውስጥ ከሩቅ የማይመሳሰል የለም። እርከን ደረጃ በደረጃ ብዙ ሆኖ ይደረደራል፣ ጠባብ ነው፣ ቁልቁለቱን በእኩል ከፍታ ይከተላል። የመንገድ አልጋ አንድ ብቻ ነው፣ በዝግታ ይወጣል፣ ውሃ በሚወርድበት ሁሉ ቱቦ ወይም ትንሽ ድልድይ አለው። የባቡር ከሆነ ደግሞ እንደ መኪና መንገድ በአጭር ኩርባ ተጠማዝዞ አይወጣም። ለማየት የሚመቸው ጥር ነው፦ መኸሩ ተነስቷል፣ የበልጉ ቡቃያ ገና ነው። ከጧቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ዘንበል ያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ጉብታው በጥላ ይለያል። ጉግል ኧርዝ ላይም የጥርና የየካቲትን ምስል ምረጡ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሱት የኮሮና የስለላ ሳተላይት ምስሎች በጣሊያን ዘመንና በዛሬው መካከል ያለውን ጊዜ ስለሚያሳዩ፣ ኩርባው ያኔ በሥራ ላይ እንደነበር ለማጣራት ይጠቅማሉ።

«ሁሉም የጣሊያን ነው ይሉኛል»

በአካባቢው አነጋገር ያረጀ የድንጋይ ሥራ ሁሉ የጣሊያን ነው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የመንገድ ካምፖች ነበሩት፣ የዚያ ዘመን ሥራ ከጣሊያኑ ጋር ይምታታል። «ጋሼ፣ ይሄ የጣሊያን ነው?» ብሎ መጠየቅ አዎ ያስብላል እንጂ መልስ አያመጣም። «ከአውራ ጎዳና በፊት ማን ይኖርበት ነበር?» ወይም «በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ጊዜ ጣሪያ ነበረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍርስራሹ ራሱ ጠፍቶ ከሆነ በአቅራቢያው ያሉትን ካቦች እዩ፦ በጠፍጣፋ ፊት የተጠረበና ሲሚንቶ የተጣበቀበት ድንጋይ በተራ ካብ ውስጥ ከተገኘ ቤቱ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ድንጋይ ሩቅ አይሸከምም።

ስትሄዱ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ያዙ፤ ድልድይ ፎቶ ማንሳት ያለ ደብዳቤ ያስጠይቃል። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቁፋሮ ያለ ፈቃድ አይቻልም። በ2014ቱ ጦርነት ምሽግ የነበሩ ጉብታዎች ላይ አትውጡ፤ የዛገ ብረት ካያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለቀበሌው ንገሩ።