የንባብ ክበብ፦ መጽሐፍ አመራረጥና የውይይት አመራር

የንባብ ክበብ ሲዳከም ምልክቱ አንድ ነው፤ መጽሐፉን ሳይጨርሱ የሚመጡት ከጨረሱት ይበዛሉ። ያልጨረሰ ሰው አንዴ እየተሳቀቀ ይመጣል፣ በሁለተኛው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አይደውልም። ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ከጥሩነቱ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ እጃችን ይገባል? በወር ያልቃል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሥራ ያለው ሰው በቀን 15 ገጽ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢያነብ በ4 ሳምንት 300 ገጽ ይሆናል። የወር ጣሪያችሁ እሱ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ለሁለት ወር ክፈሉት፤ መቁረጫውንም ምዕራፍ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አድርጉ። «ጎበዝ ያነበዋል» ተብሎ 600 ገጽ በአንድ ወር የተመደበ እንደሆነ ሦስት ሰው ብቻ ያወራል።

መጽሐፍ የሚጠቁም አባል አራት ነገር ይዞ ይምጣ፦ የገጹን ብዛት፣ ዋጋውን፣ የት ስንት ቅጂ እንዳለ፣ እና ጮክ ብሎ የሚያነበው አንድ ገጽ። ገጹ ከመሀል ይሁን፤ መግቢያውን ደራሲው ሁሉ አሽሞንሙኖ ነው የሚጽፈው። ቅጂውን በተመለከተ «ሞልቷል» የሚል መልስ አትቀበሉ። ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ አንዴ ታትሞ ካለቀ በኋላ ለዓመታት ላይመለስ ይችላል። መጽሐፍ መደብር ደውላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ለ10 ሰው ቢያንስ 5 ቅጂ ከሌለ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። 5 ብቻ ከተገኘ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ፣ አንዱ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ሌላው የቀረውን ይያዝ። በቴሌግራም የሚዞረውን ስካን መላላክ ግን የደራሲውን ኪስ መግባት ነው።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ብዙ ክበብ ይሳሳታል። 10 ሰው ለሦስት መጽሐፍ አንድ አንድ እጅ ቢያወጣ 4፣ 3፣ 3 ሊወጣ ይችላል፤ ያሸነፈውን ስድስቱ አልመረጡትም ማለት ነው። ይልቅ እያንዳንዱ አባል ለማንበብ ፈቃደኛ ለሆነበት መጽሐፍ ሁሉ እጁን ያውጣ፤ ብዙ እጅ ያገኘው ይያዝ። የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ምረጡ፤ ቅጂ ለመፈለግ ጊዜ ይገኛል። እንደ ዕቁብ በዕጣ ተራ ይዞ መምረጥም ይሠራል፣ ግን ተራው የደረሰው ሰው ከገጽ ጣሪያው እንዳያልፍ። ፈተና ለሚበዛበት ሰኔና ለበዓል ሰሞን አጭር ልብ ወለድ መድቡ፤ እዚያው ተቀምጦ በግማሽ ሰዓት ይነበባል።

የእትም ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ውይይት ይበጠብጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመሰለ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ የታተመ ሥራ ሲመረጥ አንዱ የአባቱን ቅጂ፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ይመጣል፤ «ገጽ 212 ላይ» ሲባል ግማሹ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ምዕራፉንና የአንቀጹን የመጀመሪያ ሦስት ቃላት ጥቀሱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ሰምቶ የሚመጣም አለ። ይምጣ፤ ሲጠቅስ ግን ጽሑፉን ከጎኑ ሰው ቅጂ ላይ ያሳይ። ድምፁ ጆሮው ውስጥ ስለሚቀር ያልተጻፈ ቃና ለገጸ ባሕርይው የሚሰጥ ብዙ ነው።

ለውይይቱ ከ8 እስከ 12 ሰውና ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሁለት ኃላፊ ይኑር፦ አንዱ ያወያያል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። አንድ ሰው ሁለቱንም ከያዘ ክርክሩ ሲሞቅ ሰዓቱን ይረሳዋል። መጀመሪያ አንድ ዙር፦ እያንዳንዱ ከመጽሐፉ በልቡ የቀረውን አንድ ነገር በአንድ ደቂቃ ይናገር፣ ማንም አይመልስ። ዙሩ ከታናሽ ይጀምር። ጋሼ ወይም እትዬ ቀድመው ከተናገሩ የቀረው ሰው «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ያልፋል፤ ክብሩ ተጠብቆ ውይይቱ ይሞታል።

ከዚያ ጥያቄዎች፣ አምስት ወይም ስድስት፣ ከሦስት ቀን በፊት የተላኩ። «መጽሐፉ ምን ያስተምራል?» የሚለውን ተዉት፤ የሚያመጣው የትምህርት ቤት መልስ ነው። ጥያቄው መጽሐፉን የሚያስገልጥ ይሁን፤ ለምሳሌ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ «ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ለመውጣት የቆረጠችው የት ላይ ነው? ዓረፍተ ነገሩን አሳዩ።» ወይም፦ «ጉዱ ካሣ የሚናገረው እውነት ከሆነ ሰዉ እንደ ዕብድ የሚያየው ለምንድን ነው?» ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ አንቀጽ ካወጣ ጥያቄው ሠርቷል።

አስቸጋሪው የደራሲው ሕይወት መጽሐፉን ሲውጠው ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ጠፋ፤ ክበቡ ይህን መጽሐፍ ሲይዝ በአምስተኛው ደቂቃ ወሬው «ማን ወሰደው?» ላይ ይደርሳል፣ መጽሐፉም እንደተዘጋ ይቀራል። አትከልክሉ፣ ቀጠሮ ስጡት፦ «ለእሱ የመጨረሻ 15 ደቂቃ አለን፤ አሁን ጋዜጠኛው ፀጋዬ የሚያየውና የሚዘግበው የት ላይ እንደሚለያይ እንይ።» የደርግ ዘመን ማስታወሻዎች ሲነበቡም እንዲሁ ነው። ክርክሩ ወደ ፖለቲካ ሲሄድ አወያዩ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ «የትኛው ምዕራፍ?»

ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ አለው። ሲያልፍ ሰዓት ያዡ እጁን ያንሳ፤ በቃል ማቋረጥ ያስቀይማል። ዝምታ ሲወርድ አወያዩ ራሱ አይሙላው፤ በልቡ እስከ 10 ይቁጠርና አንዱን አንቀጽ አንብብልን ይበል።

ቡና ካለ ሰዓቱን አስቡበት። ቆሎው ዞሮ፣ ሲኒው ተንኳኩቶ አቦል የሚደርሰው ክርክሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሆነ ክሩ ተበጥሶ አይቀጠልም። አቦልን እረፍት አድርጉት፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ። ቶናና በረካ ሲቀዱ ማውራት ይቻላል።

ደራሲ ስትጋብዙ የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻችሁን ተወያዩ፣ እሱን ለሁለተኛው ቅጠሩት። ከመነሻው ከተቀመጠ ሁሉም ያመሰግናል፣ ደካማውን ምዕራፍ ማንም አያነሳም።

ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ሆኖ በዙም ለሚወያይ ክበብ፦ ልዩነቱ በአሜሪካ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ በማርችና በኖቬምበር ፈረንጆቹ ሰዓት ሲያዛውሩ አንዱ ወገን በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። ጥሪው ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ቅዳሜ በአዲስ አበባ ምሽት 12 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 11 ኤ.ኤም»። «በ2 ሰዓት» ብቻ ከተባለ አንዱ በጠዋት ሌላው ከሰዓት በኋላ ይገባል።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ፦ ቀን፣ መጽሐፍ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ የማን ቅጂ ማን ጋ ነው። የጨረሱት ሁለት ወር ተከታትሎ ከግማሽ ካነሱ ጣሪያውን ወደ 200 ገጽ አውርዱ። የተዋሰ ቅጂ የሚመለሰው ውይይቱ ሲያልቅ፣ ሰው ጫማውን ሳያደርግ ነው።