የቆመ ቮልስ፦ ይታደስ ወይስ ለዕቃ ይበተን?

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ሰፋ ያለ ግቢ ባለበት ሁሉ አንድ የቆመ ቮልስ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የአባት መኪና ነው። አንዱ ልጅ «እናድሰው» ይላል፣ ሌላው «ሱማሌ ተራ ዕቃው ይፈለጋል፣ እንበትነው» ይላል። ክርክሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚነሳው ከሞተሩ ነው። ሞተር ግን በአራት ብሎን የተያዘ ነገር ነው፤ ይወርዳል፣ ይሠራል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የመኪናውን ዕጣ የሚወስኑት ሊብሬው፣ የሻንሲ ቁጥሩና የቦዲው አጥንት ናቸው።

ከሁሉ በፊት የኋላ መስታወቱን ይዩ። ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እ.ኤ.አ. እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠራ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ እንቁላል መሰል ከሆነ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ያለው ነው። ሰፊና አራት ማዕዘን ከሆነ የኋለኛው ዘመን ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረቱት ቮልሶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነት ለመበተን በጣም ከባድ ምክንያት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ይሞታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል።
«ሞተሩ አልቋል» ለማለት አይቸኩሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የ1192 ሲሲው ድሮም ከ30 እስከ 34 ፈረስ ብቻ ነበር። መፍትሄው የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ካርቡራተሩን ማጠብ፣ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በጠበበ መቀየር ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ ጠፍቶ የኮሎው ፑሌጃ (ከሞተሩ ኋላ ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ሲገፋና ሲሳብ ይንቀሳቀሳል።
የሚፈቀደው ጨዋታ፣ ማለትም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንቀሳቀሱ፣ እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው፤ በእጅ ብዙም አይታወቅም። ቀጭ ቀጭ ካለ ዋናው ኩሽኔታ ወይም የተቀመጠበት ቤት ተበልቷል። ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ወጪ ነው፣ ለመበተን ግን ምክንያት አይሆንም።

ምልክት፦ በሩ ሲከፈት ይወርዳል፣ ካላነሱት አይዘጋም።
እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በሩን ይዘው ወደ ላይ ያንሱት። ማጠፊያው ላይ ከተንቀጫቀጨ ያለቀው የማጠፊያው ፒን ነው፤ ቀላል ሥራ ነው። ማጠፊያው ጥብቅ ሆኖ ሳለ መኪናው በክሪክ ሲነሳ በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከተለዋወጠ፣ ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ባዶ ብረት በዝገት ተበልቷል ማለት ነው። ሙቅ አየር የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው፤ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። ክረምት ሙሉ ሣር ላይ የቆመ መኪና የሚበሰብሰው ከዚህ ነው።

ይበየዳል፣ ግን በቅደም ተከተል። ባቲላሜራው አሮጌውን ብረት ከመቁረጡ በፊት የበሮቹ ክፍተት ውስጥ ቱቦ በይዶ ቦዲውን ባለበት ቅርጽ ይያዝ። ይህን የዘለለ ጋራዥ ያስረከበው መኪና በሩ መቼም አይገጥምም። «ምን ያስፈልጋል፣ በዓይን አየዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ምልክት፦ የኋላ ወንበር ሲነሳ በስተቀኝ መሬቱ ይታያል።
የባትሪው ቦታ ነው፤ አሲዱ ላሜራውን በልቶታል። የሚያስደነግጥ ቢመስልም ከሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። ወለሉ ከቦዲው ጋር በብሎን ስለተያያዘ ሁለቱ ይለያያሉ፣ የወለሉ ግማሽም ለብቻው ይቀየራል። ብቻ እዚያው መሐል፣ ወንበሩ ሥር ባለው ጎባጣ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተቀርጿል። መፍጫ ከመነሳቱ በፊት ቁጥሩን ፎቶ ያንሱና ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ።

ምልክት፦ ቁጥሩና ሊብሬው አይገናኙም።
ምናልባት ድሮ ወለሉ ከሌላ ቮልስ ተወስዶ ይሆናል። ጉዳዩ በአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሳያልቅ ለቀለምም ለሞተርም አንድ ብር አያውጡ። ሊስተካከል የማይችል ከሆነ መኪናው መንገድ አይወጣም፤ ያኔ መበተን ተገቢ ነው። ሊብሬውንና ቁጥሩን ለብቻ ለሚጠይቅ ሰው ግን አይሽጡ፤ ጠያቂው የሚፈልገው ለተሰረቀ መኪና ልብስ ነው።

ምልክት፦ ማግኔት የጣሪያው ምሰሶና የኋላ መስታወቱ ዙሪያ ላይ አይይዝም።
ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ላሜራው አልቋል። በኋለኛው ዘመን ቮልስ ላይ ይህና የበሩ ሥር ዝገት አንድ ላይ ከተገኙ ይበተን። እንቁላል መስታወት ባለው ላይ ግን ምትክ ላሜራ በአብዛኛው የሚገኘው ከመሰሉ ስለሆነ፣ ከመበተን ይልቅ ሌላ ተመሳሳይ ላለው ሰው እንዳለ መሸጥ ይሻላል። ችርቻሮው ያጓጓል፤ መብራቱ፣ መሪው፣ የፍጥነት መለኪያው፣ ከበሩ ጎን የሚወጣው የድሮ ፍሬቻ ቶሎ ይሄዳሉ። ከዚያ ባዶው ቦዲ ማንም ሳያነሳው ግቢ ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ዛሬ የተበተነውን ነገ ከውጭ እተካዋለሁ ማለት አይቻልም። ፒስቶን፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ዕቃ ግን ዛሬም ይመረታል። ቤተሰቡ ገና ካልተስማማ ባትሪውን ያውጡ፣ የነዳጅ ጋኑን ያራግፉ፣ ሰኔ ሳይገባ መኪናውን ከሣሩ አንስተው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት።